ኩሬው የዋጠው ጨዋታ

ዱጋልድና ኤርቺ አርባ ዓመት ሙሉ የተነታረኩት በአንድ ጨዋታ ነው። ያኔ የስኮትላንድ መንደራቸው ኩሬ በብርድ ረግቶ፣ በረዶው ላይ ድንጋይ ሲያንሸራትቱ ዋሉ። በረዶው ላይ ለተጫረው ክብ መሐል የማን ድንጋይ ይበልጥ ቀርቦ እንዳሸነፈ ሳይለኩ መሸባቸው። «ነገ ይለካል» ብለው ድንጋዮቹን እዚያው ትተው ገቡ። ሌሊቱን ሞቅ ያለ ዝናብ ሲጥል አድሮ፣ ሲነጋ በረዶው ቀልጦ፣ ድንጋዮቹ ሰምጠው ነበር።

ዘንድሮ ኩሬው ደረቀ። ዱጋልድ ሜትሩን ይዞ፣ ጉልበቱን እየረገመ ወረደ። ሁለቱም ድንጋዮች ጭቃው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ለካ እንጂ፣ አንተ ቀጣፊ!» አለ ኤርቺ ከዳር ሆኖ።

ዱጋልድ የሜትሩን አንድ ጫፍ በአንደኛው ድንጋይ አስይዞ፣ ሌላውን እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«መሐሉ የለም፤ ከበረዶው ጋር ቀልጧል።»

«ተመስገን!» አለ ኤርቺ። «ከእንግዲህ በምን እንጣላ ነበር?»