ማግኔት የያዘው ቫልቭ

ሰው በማግኔት ይናደዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ይኸው ግን ተናድጃለሁ፤ ያውም ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ወጥታ ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ በታሰረች ማግኔት።

ማግኔቷ የጋሽ ምንይሉ ናት። ጋሽ ምንይሉ እኔ በምሠራበት የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተረካቢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። የተገዛ ዕቃ ሁሉ እሳቸው ሳያዩት መጋዘን አይገባም። ማየት ማለት ለእሳቸው ማግኔቷን ማስጠጋት ነው። ማግኔት ከያዘው ተራ ብረት ነው፣ ተራ ብረት ከሆነ ፎርጅድ ነው፣ ፎርጅድ ከሆነ ይመለሳል። ካልያዘው ደግሞ በመዶሻና በብረት ማኅተም የስማቸውን መጀመሪያ፣ «ም»ን፣ ይመቱበታል። ድሮ አንድ ነጋዴ ቀለም የተቀባ ብረት የማይዝግ እስቴንለስ ነው ብሎ ሊያስረክብ ሲል በዚህችው ማግኔት ስላጋለጡት፣ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው ቃላቸውን የሚጠራጠር የለም። ሰርግ ያለበት ሰው ሳይቀር ድስት ከመግዛቱ በፊት ገበያ ይዟቸው ይወርዳል።

እኔ ነፃነት እባላለሁ፤ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ጠዋት ከደሴ ብርድ ተነስቼ በሰርቪስ እወርዳለሁ፣ ማታ በኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሹራቤን ተሸክሜ እመለሳለሁ። እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ የለፋሁት ለአንድ ቫልቭ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጨርቁ የሚነከርበት ኮስቲክ ሶዳ ተመልሶ እንዲያገለግል ትልቅ ጋን ውስጥ እየፈላ እንዲወፍር ይደረጋል። የፈላ ወፍራም ሶዳ የሰው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሥጋውን ሳሙና ያደርገዋል። እስቴንለስንም አይምረውም፤ ከውጭ እያብረቀረቀ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ይህን ሶዳ ችሎ የሚኖረው ኒኬል ነው።

ይህን ለማስረዳት ያልደወልኩለት አስመጪ የለም። «ኒኬል የተነከረ አለን» ይሉኛል። የተነከረ አይደለም የምፈልገው፣ ከአካሉ እስከ ክዳኑ ከልቡ ኒኬል የሆነ ነው ስል፣ «እመቤት፣ እስቴንለስ ብትወስጂ ይሻልሻል፣ ያምራል» ብለው ይመክሩኛል። የሚያምር ነገር ብፈልግ ኖሮ ቫልቭ ምን አስገዛኝ? ተጨቃጭቄ፣ ተለማምጬ፣ በመጨረሻ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ቫልቭ ከነምርመራ ወረቀቱ መጣልኝ። ደስታዬን ለማን ልንገር።

ጋሽ ምንይሉ ማግኔቷን አስጠጉ። ጥብቅ አለች።

«ይዞታል» አሉ።

«ጋሽ ምንይሉ፣ ኒኬል እንደ ብረት ማግኔት ይይዘዋል። ተፈጥሮው ነው።»

«ልጄ፣ አንቺ አታለልሽን አላልኩም። አንቺን ራስሽን ነው ያታለሉሽ» አሉኝ በሀዘኔታ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የምርመራውን ወረቀት ዘረጋሁላቸው። ወረቀትማ ማንም ያትማል አሉ። ቫልቩ «የሚመለስ» ተብሎ ጥግ ተቀመጠ፤ በምትኩ እሳቸው ራሳቸው መርጠው ያስመጡት፣ ፊት የሚያሳይ እስቴንለስ ቀረበ። ማግኔቷ ተንሸራታ ወደቀች፣ «ም» ተመታበት፣ ሥራ አስኪያጁም ነገ ጠዋት ጋኑ ሥራ ይጀምር ብለው አዘዙ።

ጋኑ ላይ የሚገጠመውን ቫልቭ የምትከፍተው ሠራተኛዋ ነጂባ ናት። ፊቷ ከቫልቩ በክንድ ርቀት ላይ ነው የሚሆነው። ከእሷ በፊት ያንን ቦታ የያዘው ወንድሟ ጀማሉዲን ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት የዚያን ጊዜው ቫልቭ ፈንድቶ ቀኝ ዓይኑን አጠፋው። ጋሽ ምንይሉ ያኔ፣ «እኔ የተረከብኩት ኦሪጅናል ነው፤ ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ተለውጧል» ብለው ምስክርነት ሰጡ። ከመጋዘን ተሸክሞ ያወጣው ጀማሉዲን ነበር። ማንም ሌባ ብሎ አልከሰሰውም፤ የምስክርነቱ ቃል ግን ከሆስፒታል እስኪወጣ ሳይጠብቅ ቀድሞት አገሩ ደጋን ገባ። እህቱ በቦታው እንድትቀጠር ደጅ የጠኑት ደግሞ እኚሁ ጋሽ ምንይሉ ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ደግ ሆነው ነው ያስቸገሩኝ።

ነጂባ ሻሿን እያስተካከለች መጣች። «ኢንጂነር፣ ነገ ልክፈተው ወይስ አልክፈተው?»

«እንዳትነኪው።»

«ካልነካሁት ያባርሩኛል። እሳቸው ክፈቺው ይሉኛል፣ አንቺ አትክፈቺው ትይኛለሽ። ወላሂ፣ እናንተ የተማራችሁት ተስማሙና አንዱን ንገሩኝ።»

ደሜ ፈላ። ኮሚቴውን በሙሉ በበያጆቹ ክፍል ሰበሰብኩ። ኒኬል ሲግል ብረት ከመቅላቱ በፊት ማግኔት መያዙን ይተዋል፤ ተራ ብረት ግን በዚያው ሙቀት እንደያዘ ይቀራል። ይህንን በዓይናቸው ካዩ ምን ሊሉ ነው ብዬ ነበር። ከቫልቩ ጋር የመጣውን ትርፍ ክዳንና አንድ ተራ ብሎን ጎን ለጎን አስቀመጥን፤ በያጁ ሁለቱንም እኩል አጋላቸው። ማግኔቷን በክር አንጠልጥዬ አስጠጋሁ። ብሎኑ ሳብ አደረጋት። ክዳኑ እንዳላያት ሆነ።

«አያችሁ? ብረት ቢሆን ኖሮ እንደ ብሎኑ ይይዝ ነበር።»

ጋሽ ምንይሉ ጢማቸውን አሻሹ። «አየሁ» አሉ። «ሲሞቅ ጠባዩን ይለውጣል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ኒኬል ስለሆነ ነው።»

«ሶዳችን ደግሞ የፈላ ነው። ታዲያ ልጄ፣ ሲሞቅ ጠባዩ የሚለወጥ ዕቃ እንዴት እናምናለን?»

ኮሚቴው በሙሉ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። አንዱማ በአድናቆት ነበር የነቀነቀው። ክዳኑን ያጋልንበት ሙቀት ከሶዳው ሙቀት እጅግ የራቀ መሆኑን መናገር ጀመርኩና የሚሰማኝ ስላጣሁ ተውኩት። ማልቀስ አማረኝ። ሄልሜቴን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ፤ ሰርቪስ ሳልጠብቅ በሚኒባስ ደሴ ልገባ፣ ነገም ላልመለስ።

በሩ ጋ ስደርስ የእግሬ ጣት ከአንድ ብረት ጋር ተጋጨ። ለሰው የማይነገር ስድብ ተሳደብኩ።

«ቀስ በይ፣ ኢንጂነር» አለኝ ዘበኛው ውዱ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «በሩን ንፋስ እንዳይዘጋው ያስደገፍኩት ነው። ያ የጀማሉዲን ቫልቭ።»

ቆምኩ። አፈርና ዘይት የጠጣ ቫልቭ ነው። በየቀኑ ሁላችንም ተራምደነው እናልፋለን። ጣቴ እየጠዘጠዘኝ ቁጢጥ ብዬ በጨርቅ ጠረግሁት፤ ከዚያ ለውዱ ሳላስረዳ በእጅ ጋሪ ጭኜ እየገፋሁ ተመለስኩ።

ኮሚቴው አልተበተነም ነበር። ነጂባም ውሳኔ ልትሰማ በሩ ላይ ቆማለች። ቫልቩን ጋሽ ምንይሉ ፊት አስቀመጥኩ።

«ይሞክሩት።»

«ምንድነው እሱ?»

«ይሞክሩትና ይንገሩን።»

ማግኔቷን አስጠጉ። ተንሸራታ ወደቀች። ሌላኛው ጎኑ ላይ ሞከሩ፤ እዚያም አልያዘም። «እስቴንለስ ነው። ጥርት ያለ ኦሪጅናል» አሉ፣ እንደ ወትሮው ረካ ብለው።

አንገቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ በአውራ ጣቴ ፈግፍጌ አሳየኋቸው። «ም» ተመትቶበታል። ከዚያ ገለበጥኩት። ከውስጥ የጀመረው ስንጥቅ ቅርንጫፍ እያወጣ እስከ ውጭ ድረስ ወጥቷል።

«ጀማሉዲን ላይ የፈነዳው ይህ ነው» አልኩ። «እርስዎ የተረከቡት ራሱ። ማንም አልለወጠውም።»

ይህን ቀን በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንዳሸነፍኩበት እኔ ነኝ የማውቀው። የምናገረው ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ጋሽ ምንይሉ ግን የገዛ ማኅተማቸውን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት፤ ከዚያ የብየዳ ኤሌክትሮድ ሳጥን ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የተዘጋጀው ንግግሬ ጠፋ። በዚህም ተናደድኩ፤ ሰውየው ሲሸነፉ እንኳ ደስ እንዲለኝ አልፈቀዱልኝም።

«አንድ ቀን ማግኔት አስጠግቼበት ቢሆን» አሉ ለራሳቸው። «ሌባ የነካው ዕቃ ነው ብዬ ዞሬም አላየሁትም።» ቀና ብለው ነጂባን ፈለጉ። «ነጂባ፣ ልጄ፣ ወንድምሽን…»

«ለኔ አይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለች ነጂባ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ እንባዋ ግን ይወርዳል። «እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ። ደጋን ይምጡና ጁምዓ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ይንገሩልን። ስሙ የጠፋው እዚያ ነው።»

በማግስቱ ጋኑ ሥራ አልጀመረም። ጋሽ ምንይሉ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተው ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ሲወጡ ግን እስቴንለሱ ተነሥቶ ኒኬሉ እንዲገጠም ታዘዝኩ። ጁምዓ ጠዋት ሶዳው ሲፈላ ነጂባን ወደ ኋላ እንድትል አደረጉና መጀመሪያ የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ምንም አልሆነም።

ከሰዓት በፋብሪካው ፒክአፕ ደጋን ወሰድኳቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ፊት ቆሙ፤ ሽማግሌዎቹ ምን ፈልገው ነው ብለው ከበቧቸው። አላስረዘሙትም። ቫልቩን የተረከብኩት እኔ ነኝ፣ ያው እኔ የተረከብኩት ነው የፈነዳው፣ ይህ ልጅ ምንም አልሰረቀም፣ ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ሰማችሁ?» ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ሰማን አሉ።

ጀማሉዲን ከኋላ መጣ። መንገድ ለቀቁለት። በደህናው ዓይኑ ጋሽ ምንይሉን ትክ ብሎ አያቸው። ይቅርታውን የሚቀበል ወይም የሚመልስ መስሎኝ ነበር።

«ነጂባ አሁን የምትከፍተው የትኛውን ነው?» አለ።

«ኒኬሉን» አሉት። «ማግኔት የያዘውን። ዛሬ እኔ ራሴ ከፍቼው ነው የመጣሁ።»

ጀማሉዲን ትንፋሹን ለቀቀ። «የሌብነቱን ነገር አላህ ያውቅልኝ ነበር» አለ። «የከበደኝ የነጂባ ነው። ጠዋት ጠዋት ስትወጣ ፊቷን ደህና አድርጌ አይቼ ነበር የምሸኛት፤ ማታ እንዳልነበረች ሆና ብትመጣ መልኳ እንዳይጠፋብኝ።»