የድንቡሼ ግራ ጆሮ

ጆሮው ልክ እንዳልሆነ እናት ያየችው ሴት ልጇ አድሳ ያመጣችው ፎቶ ሳሎን ከተሰቀለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ያዘዛትን የተማሪ ሹራብ አንገት እየሰፋች ቀና ስትል ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። መርፌዋን አስቀመጠች።

የድንቡሼ ግራ ጆሮ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር። ሹራብ ባጠለቀችለት ቁጥር እዚያ ላይ እየያዘበት «እማ፣ ጆሮዬ!» ብሎ ቤቱን ያናጋዋል። ግድግዳው ላይ የሚስቀው ልጅ ግን ሁለቱም ጆሮዎቹ እንከን አይወጣላቸውም።

ወንድ ልጇን ድንቡሼን በሦስት ዓመቱ ትኩሳት ከወሰደባት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የቀረላት አንድ ፎቶ ነበር፤ እሱም ጣራው ሲያፈስ ውሃ ገብቶበት ፊቱ ቡናማ እድፍ ሆኗል። በዚህ ብዙም አልተከፋችም። ሌላውን ሁሉ ትፈራለች፤ ልጅቷ አሥር ደቂቃ ከዘገየች መኪና ገጭቷታል፣ ስልክ በማለዳ ከጠራ መርዶ ነው። ያንን ፊት አጣዋለሁ ብላ ግን አንድም ቀን ፈርታ አታውቅም። በልቧ ይዛዋለቻ።

አመሻሹ ላይ ልጅቷ ከማተሚያ ቤት ሥራዋ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ እስክታስቀምጥ አልጠበቀቻትም።

«ይሄን ፊት ከየት አመጣሽው?»

«ደህና አመሸሽ ማለት ቀረ? በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሠራሁት አልኩሽ እኮ።»

«እድፉን አጸዳልሽ ብዬ ነዋ ደስ ያለኝ!»

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከእድፉ ሥር ምንም አልነበረም፣ እማዬ። ፕሮግራሙ ስፍር ቁጥር የሌለው የሰው ፎቶ አይቶ ተምሯል። ግንባሩ እንዲህ ከሆነ ዓይኑ እንዲህ ሊሆን ይችላል እያለ የጎደለውን ከራሱ ይሠራል።»

«ካላወቀስ?»

«አላውቅም የሚለው ከስንት አንዴ ነው። ይሞላዋል።»

«እንደ አክስትሽ በይኛ!»

ልጅቷ ሳቀች። እናት ግን ፊቷ አልተፈታም።

«ታዲያ ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የማንም አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ የለም» አለችና ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ቶሎ ብላ ላፕቶፗን ከፈተች። «ንገሪኝ፣ አስተካክለዋለሁ። ጆሮው እንዴት ነበር?»

እናት ነገረቻት። ልጅቷ ጻፈች። ትንሽ ቆይቶ አራት ሕፃናት ጎን ለጎን ብቅ አሉ። የአራቱም ግራ ጆሮ ታጥፏል።

«ጎበዝ! አሁን ደግሞ ዓይኑን ንገሪኝ።»

እናት ዓይኗን ጨፈነች። የመጣው ግድግዳው ላይ ያለው ልጅ ነው። ገፋችውና ሌላ ቦታ ፈለገች። መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ድንቡሼ ጀርባውን ሰጥቷት ውሃ ይመታል፤ ዞር ሲል ያው ነው። በታመመበት አልጋ ላይ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች፤ ያው። ሹራቡን አጠለቀችለት፤ በአንገቱ በኩል እየሳቀ ብቅ ያለው ያ የማንም ያልሆነ ልጅ ነው።

«እማዬ? ከአራቱ ማን ይቀርበዋል?»

«አላውቅም።»

«ትንሽ አስቢ እስቲ...»

«አላውቅም አልኩሽ! ጠፋብኝ። በገዛ ቤቴ፣ ዓይኔ እያየ ጠፋብኝ።»

ተነሥታ ፎቶውን ከሚስማሩ ልታወርድ እጇን ሰደደች። ልጅቷ ሮጣ ክፈፉን በሌላ ጎኑ ያዘች።

«አታውርጂው፣ በሞቴ።»

«ልጄ አይደለም!»

«አውቃለሁ። ግን አንቺ አቅፈሽዋል፣ እማዬ። እኔ ስወለድ እሱ የለም። ወንድሜ ብዬ ሥራ ስሄድ ደህና ዋል የምለው ይሄንን ነው።»

እናት ይህን አታውቅም ነበር። ክፈፉን እንደያዘች ቆመች። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን ሁለቱም መናገር አይችሉም።

«ክፍልሽ ውሰጂው» አለች በመጨረሻ። «እኔ በማላይበት ስቀይው።»

ልጅቷ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሄደች። እናት አሮጌውን ፎቶ ከመሳቢያ አውጥታ እድፉን ስታይ ቆየች፤ ዓይኗን አልጨፈነችም፣ ያ ልጅ እንዳይመጣባት ፈራች። ከዚያ መልሳ ከተተችውና የውጪውን በር ቆለፈች።