ቁጭ ብሎ የተወሰደ ልክ

«ፍራሹማ ይውጣ እንጂ፣ እትዬ» አለች የሟቹ ታናሽ እህት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ውሃ ሲጠጣ የከረመ ፍራሽ እንዴት ቤት ውስጥ ይቀመጣል?»

ሚስትየዋ ወደ መኝታ ቤቱ በር ተመለከተች። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እህትየዋ ከሩቅ አገር የደረሰችው ለቀብሩ ስለሆነ፣ የምታውቀው በስልክ የሰማችውን ብቻ ነበር፤ ወንድሟ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ፣ ሐኪሞች በመርፌ ከቀዱለት ወዲህ ቀዳዳው አልደፈን ብሎ ያለማቋረጥ ይፈስሰው እንደነበር። ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞችም ይህንኑ ያንሾካሹኩ ነበር። ያ ሽክ ብሎ የኖረ ልብስ ሰፊ እርጥብ ላይ ተኝቶ ሞተ ይላሉ። ሚስትየዋን ከሞቱ እኩል ያቃጠላት ይኸው ወሬ ነው።

እርግጥ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር። በቀን አራት አንሶላ ትቀይራለች፤ ቆዳው ተቃጥሎ ቀልቷል፤ እሱም አፍሮ «አጠገቤ አትተኚ» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ሰድዷታል። ሠላሳ ዓመት አብረው ከተኙበት አልጋ! ቤት ለቤት እየዞረች የምታክም ነርስ ቀዳዳው ላይ የሚለጠፍ ከረጢት አመጣች። ውሃው እዚያ ይጠራቀምና በቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል። ግን ሁለት ሰዓት ሳይቆይ ይለቅቃል። ሦስት ከረጢት እንዲሁ ባከነ።

አራተኛው ላይ ልብስ ሰፊው ሳቀ።

«ሲስተር፣ የለካሽኝ ተኝቼ ነው። ሰው ተኝቶ ለሱሪ ይለካል እንዴ? ቁጭ ስል እኮ ሆዴ ይታጠፋል።»

ደግፈው ቁጭ አደረጉት። እሱም ጋዜጣ ሆዱ ላይ ዘረጋና እጥፋቱ የሚወድቅበትን በአውራ ጣቱ ጫን እያለ በጠመኔ አሰመረ። ማንኪያ ማንሳት ያቃታቸው እጆች መቀስ ሲይዙ ጋዜጣውን በመስመሩ ላይ ቆረጡ። ነርሷ ቆዳውን አጥባ አደረቀች፤ የከረጢቱን ማጣበቂያ እሱ ባወጣው ቅድ ቆርጣ ለጠፈች። ሦስቱም ቱቦውን እያዩ ጠበቁ። ጠርሙሱ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። አንሶላው እስከ ማግስቱ ጠብታ አልነካውም።

ሚስትየዋ ስንት ኮት ከእጁ ሲወጣ አይታለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ተደንቃበት አታውቅም። ሞት ደጁ ላይ ቆሞ እንኳ የሰውየው ዓይን ልክ አይስትም ነበር።

«ነይ፣ ጋደም በይ» አላት በማግስቱ። እስኪሞት ድረስ አንሶላው ሳይረጥብ አሥራ አንድ ቀን አጠገቡ ተኛች።

አሁን ነርሷ ለማጽናናት መጥታ ሳሎን ገባች። ከእሱ ወዲህ ማንንም አስተኝታ ለክታ እንደማታውቅ፣ የቆረጠውንም ጋዜጣ እንዳልጣለችው ተናገረች። ሹክሹክታው ቆመ።

ሚስትየዋ የባሏን እህት እጅ ይዛ መኝታ ቤት ወሰደቻት። አንሶላውን ገለጠችና የእህትየዋን መዳፍ እሱ ይተኛበት የነበረው ቦታ ላይ አኖረችላት። እህትየዋ ወደ መሃል ዳሰሰች፤ ወደ ጠርዙም ዳሰሰች።

«ደረቅ ነው» አለች ቀስ ብላ።

እጇን ግን አላነሳችም። ሚስትየዋም አልቸኮለችባትም፤ ዞራ በወዲያ በኩል፣ በራሷ ቦታ ጋደም አለች።