ዞዚሞን የጠራችው ኩዊካ

ዱርቫል ኩዊካዋን ይዞ መቅረጫ ክፍል የገባው የሟቹን የዞዚሞን ሚስት አስፈቅዶ ነው። ማስፈቀዱ ግን ከጥፋቱ አላዳነውም።

ኩዊካ ከውጭ ሲያዩዋት ተራ ከበሮ ናት። ውስጧ ግን ከቆዳው ጋር የታሰረች ቀጭን ዘንግ አለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲያሿት እንደ ሰው ትጮኻለች። በሚኖሩበት የድሆች ኮረብታ ላይ «አልቃሽ» ይሏታል። የሳምባ ጭፈራ ማኅበራቸው የከበሮ አለቃ ዞዚሞ የሞተ ጊዜ፣ ሣጥኑ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ከበሮው ሁሉ ዝም አለ፤ ዱርቫል ብቻውን በኩዊካዋ ስሙን ጠራው። ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ፤ ዞ-ዚ-ሞ። ሦስት ጊዜ። ሚስቱ ዶና ኢራሲ ከመቃብሩ ሲመለሱ፣ «አበልጄ፣ ይቺን ጥሪ ሌላ ቦታ እንዳትጫወታት፤ የሱ ናት» አለችው። ዱርቫል የልጃቸው የክርስትና አባት ነውና አበልጅ ነበሩ። ማለላት።

በሁለተኛው ዓመት ሌሊዮ ኮረብታውን ወጣ። የዚያው ሰፈር የልብስ አጣቢ ልጅ ነው፤ ፓሪስ ሙዚቃ ተምሮ ተመልሶ ለፊልም ዜማ ይሠራል። ስለዚያች ጥሪ ሰምቶ ነበር።

«ፓሪስ ከበሮ አለቀባቸው እንዴ፣ እኔ ዘንድ የመጣኸው?» አለው ዱርቫል።

«ከበሮማ ሞልቷል። አልቃሽ ነው የጠፋው።»

አብረው ወደ ዶና ኢራሲ ሄዱ። ዱርቫል እንደ ልማዱ ኩሽና ገብቶ በተገለበጠው ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ሌሊዮ በር ላይ ቆሞ ጥሪዋን ለፊልሙ እንደሚፈልጋት ነገራት። እሷ ልብስ መተኮሷን አላቋረጠችም።

«ሰው የሚሞትበት ቦታ ላይ ነው?»

«ልጅ ይሞታል፣ ደረጃው ላይ። በእናቴ እምላለሁ፣ እዚያ ነው የማስገባት» አለ ሌሊዮ።

«ለሞት ከሆነ ይሁን።» ካውያዋን አቆመችና ወደ ዱርቫል ዞረች። «ግን አበልጄ፣ የማምነው አንተን ነው እንጂ ይሄን ጫማው የሚያብለጨልጨውን አይደለም።»

መቅረጫ ክፍል ውስጥ ዱርቫል አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወተ። ቀራጩ ሰውዬ ድገም አላለውም።

ፊልሙ የማዱሬራ ሰፈር ሲኒማ ቤት የደረሰው በአንድ እሑድ ከሰዓት ነው። የኮረብታው ሰው አራት ረድፍ ሞላ፤ የተቆላ ኦቾሎኒ በወረቀት ጥቅልል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዶና ኢራሲ ነጭ ቀሚሷን በአሚዶ አድርቃ ለብሳ ከዱርቫል ጎን ተቀመጠች።

ልጁ ደረጃው ላይ ወደቀ። ዱርቫል የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። የመጣው ግን ጊታር ነበር፤ ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ የፈራ የሚመስል ጊታር፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ገና ከእንቅልፏ እንደ ነቃች የምታንጎራጉር ሴት። ቦሳ ኖቫ፣ የከተማው አዲስ ለስላሳ ሙዚቃ። ማማሩ ነው ይበልጥ ያናደደው።

«ቀብሩ ላይ ይሆናል» አለ በሹክሹክታ።

ቀብር የሚባል አልመጣም። ወፍራም ፖሊስ ዶሮ ሲያባርር መጣ፤ ተንሸራተተና በቂጡ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገባ። እንደ ዝንጀሮ ሳቅ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዱርቫል ጥሪዋን በጭንቀት ሲጠባበቅ ቆይቶ ነበርና እሱም ሳቀ። ፖሊሱ ተነሥቶ ዳግመኛ ወደቀ፤ ድምፁም ተደገመ። ዱርቫል እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ድምፁ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጆሮው ለየው። አፍጥነውታል፣ አቅጥነውታል። ግን ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ።

አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ። ሲዞር ዶና ኢራሲ ፊልሙን አታይም፤ እሱን ነው የምታየው።

እሷ ተነሥታ ወጣች። ዱርቫል ሌሊዮን በር ላይ ከተለጠፈው የፊልሙ ማስታወቂያ ሥር አገኘው። በቦክስ ሊለው ነበር የሄደው።

«በእናትህ እኮ ነው የማልከው!»

«ለሞቱ አስገብቻት ነበር፣ ባለፊልሙ አስወጣት። የውጭ ሰው ይቺን ድምፅ ሲሰማ ይስቃል አለኝ። መጣሏ አሳዘነኝና...» ሌሊዮ ፊቱ በራ። «ቢሆንም ተሰማች እኮ! ሕዝቡ እንዴት እንደ ሳቀ አላየህም? ከኋላህ ነበርኩ፤ አንተ ራስህ በሳቅ ስትንፈራፈር አይቼሃለሁ።»

የዱርቫል ቡጢ እዚያው ኪሱ ውስጥ ተፈታ።

በማግስቱ የኮረብታውን ደረጃ ወጣ። ዶና ኢራሲ በሩን ከፈተች። የሚለውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘጋጅ ነው ያደረው።

«አበልጄ፣ እኔንም ነው የሸጠኝ። በሞተ አባቴ፣ አላወቅሁም። አፍጥነውት እኮ ነው፣ ድምፁ ተለውጦ...»

«ያፍጥኑት። ቢያስሮጡትም ዞዚሞ ነው፣ ቢያስዘግሙትም ዞዚሞ ነው። እኔ በመጀመሪያው ነው የሰማሁት።» ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ያ ልጅ ሲዋሽ አልደነቀኝም፣ ድሮም አላመንኩትም። እርስዎ ግን ሁለት ጊዜ ሳቁ።»

እርስዎ። በሃያ ዓመት አንድም ቀን እርስዎ ብላው አታውቅም።

እግሩ እንደ ልማዱ ወደ ኩሽናው፣ ወደ ተገለበጠው ሣጥን ሊወስደው ጀመረ።

«እዚያማ አይሆንም፣ ሴኞር ዱርቫል» አለች። ከጓዳ የእንግዳ ወንበር አወጣች፣ አቧራውን በሽርጧ ጠረገች፣ ከበሩ አጠገብ አኖረችለት። «ይቀመጡ። ውሃ ላምጣልዎት?»