ቀጸላን ያለፈ የለም

በዓመተ ምሕረቱና በማልያው ቀለም ልሳሳት እችላለሁ። ቀጸላ ወልደየስን ፊት ለፊት አልፎ የሄደ ባለመኖሩ ግን አልሳሳትም።

ቀጸላ ልጅ ሆኖ አሜሪካ ሄደና የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ተከላካይ ሆነ። ጨዋታው ስሙ እግር ኳስ ይሁን እንጂ እንቁላል የመሰለች ኳስ ታቅፎ የሚሮጥ ሰው አለ፤ ተከላካዩ እሱን ገጭቶ ይጥላል። ቀጸላም መጀመሪያ እንደ ሰው ይጋጭ ነበር። ኋላ መጋጨቱ ቀረ። ሯጮቹ ፊቱ ሲደርሱ እግራቸው እየሮጠ ባሉበት ይቀሩ ጀመር። ተመልካቹ ሰለቸው፤ ቡድኑም በክብር በጡረታ ሸኘው።

ከሚስቱና ከልጁ ከኤፍራታ ጋር ቢሾፍቱ ቤት ሠርቶ ገባ። ጎረቤታቸው እትዬ ባፈና ሥራው ምን እንደነበር ጠየቁት።

«ሰው አስቆም ነበር።»

«ትራፊክ ነበርክ?»

«አይ፣ በደረቴ ነው።»

«ለዚህ አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደህ? እኔ ባሌን ጠጅ ቤት እንዳይሄድ እዚሁ በር ላይ ሳስቆም አልኖርኩም?»

ጡረታ ቢወጣም ነገሩ አልተወውም። ፊቱ የመጣ ባጃጅ ጎማው እየዞረ ይቆማል። ቀጸላ ይቅርታ ጠይቆ ፈቀቅ ሲል ያልፋል። በዚህ የተጣላው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ኤፍራታ ልትዳር ሆነ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲመጣ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው በዘፈን ይከለክላሉ፤ ሲለመኑ ይለቃሉ። ወጉ ነው። እትዬ ባፈና ቀጸላን «ና ከመካከላችን ቁም፤ እስቲ ሙያህን እንየው» አሉት። ለጨዋታ ነበር። ቆመ።

ሴቶቹ ዘፍነው ሲደክማቸው ለቀቁ። ሙሽራው አቤኔዘርና ሚዜዎቹ ወደ በሩ ገሰገሱ፤ ጫማቸው አቧራ እያስነሳ እዚያው ቀሩ። ቀጸላ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ። በሩም አብሮት ወደ ግራ ፈቀቅ አለ።

«ጋሼ፣ ይብቃዎት፤ ያስገቡን» አለ አንደኛው ሚዜ እየሮጠ።

«ግቡ እያልኩ ነው።»

«ታዲያ ለምን አንገባም?»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው።»

እትዬ ባፈና ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ሰጉ። ቀጸላ የሰጋው ልጁ በእሱ ምክንያት ሳትዳር እንዳትቀር ነው።

ኤፍራታ ቬሎዋን ሰብስባ ከኋላው መጣች።

«አባዬ፣ ከኋላህ የሚመጣ አስቁመህ ታውቃለህ?»

አሰበ። «ከኋላዬ የሚመጣ የራሴ ወገን ነው። አይቆምም።»

«እንግዲያው እኔ ልውጣ።»

«መመለሻሽስ?»

«አንድ ቀን ይደክምህ ይሆናል።»

አንገቱን ስማ፣ በብብቱ ሥር ሾልካ ወጣች። ውጭ እልል ተባለ። እናቷ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ የወጥ ድስቶቹ ሁሉ ተከትለዋት ወጡ። ድግሱ መንገድ ላይ ተበላ። ተመልሶ መግባት የቻለ ግን የለም። ሙሽሮቹ ለመልስ ሲመጡም ደጅ ተቀመጡ። ቀጸላ ከበሩ ላይ ሆኖ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ግቡ እንጂ» ይላቸው ነበር።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ያን ዕለት ሲመሽ ጨለማውም ቀጸላ ደጅ ደርሶ ቆመ። ከእሱ በስተኋላ ፀሐይዋ አልጠለቀችም። ኤፍራታ ችቦ ለኩሳ ከጨለማው ፊት ተቀምጣለች። ቀጸላ በብርሃኑ ውስጥ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ጥላው ደጃፉን ተሻግሮ ወጥቶ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ክንዷ ሲዝል ችቦውን ይቀበላታል።