ያልፈረሰው አገር ዜና

ዙማና ዲያራ በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ የሌለ አገር ዜና ያነባል። ወረቀት የለውም፤ ከሆዱ ነው የሚያነበው። በማሊዋ የካይ ከተማ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ማንጎው ሥር፣ ጡረተኞቹ ሻያቸውን ሲጥዱ እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሞሪባ ትራኦሬ ሬዲዮኑን ይዘጋል፣ አገሩም ይጀመራል።

አገሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሴኔጋልና እኛ ማሊዎች አንድ ፌዴሬሽን ሆነን ነፃ በወጣን በሁለተኛው ወር መሪዎቻችን ተጣሉ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ፣ የባቡሩም መስመር ድንበሩ ላይ ተቆረጠ። በዙማና አገር ግን አልተጣሉም። ያን ዕለት አንዱ ላንዱ ሻይ ቀዳለት፣ በቃ፣ ነገሩ በረደ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ባቡሩ ከዳካር ተነሥቶ ባማኮ በሰዓቱ ይገባል። «በሰዓቱ» ሲል ጡረተኞቹ ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባቡር ላይ ያረጀ ሰው ነፃነት ብዙም አይገርመውም፤ የሚገርመው ሰዓት ማክበር ነው።

ሹመቱ ለሁሉም ደርሷል። ሻይ የሚያፈላው ሳምባ ሲሶኮ፣ የቀድሞው ትኬት ቆራጭ፣ የገንዘብ ሚኒስትር ነው። ሞሪባ ደግሞ የእርሻ ሚኒስትር ነው፤ ግን ሥልጣኑ ከአደንጓሬ አያልፍም። ምክንያቱም እሱ በጎሳው ትራኦሬ፣ ዙማና ደግሞ ዲያራ ነው። ዲያራና ትራኦሬ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲሰዳደቡ እንዲኖሩ የተፈቀደላቸው የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ሌላውን አደንጓሬ በሊታ ሊለው ይችላል፤ የተሰደበው ቢቆጣ ነውር ነው።

ዙማና ራሱ በዚያ አገር ሚኒስትር አይደለም፤ አይፈልግም። እሱ የሚኖረው ሴኔጋል ውስጥ፣ ቲየስ ከተማ ነው፤ የባቡር ጥገናው አለቃ፣ የአራም ጆፕ ባል።

አራም የፈጠራ ሴት አይደለችም። ዙማና ጎረምሳ መካኒክ ሆኖ ቲየስ ሲሠራ ለእጮኝነት የሚላከውን የኮላ ፍሬ ልኮላት፣ ቤተሰቦቿም ፍሬውን ተቀብለው በልተው፣ ሠርጉ ከዝናብ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር። በዝናቡ መሐል አገር ፈረሰ። የኛን ሰዎች፣ ዙማናንም ጭምር፣ ባቡር ላይ ጭነው መለሷቸው። መስመሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲከፈት ዙማና የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፤ እናቱ ከኒዮሮ ኛጋሌን አምጥታ ድራዋለች። አራምም አግብታለች አሉት። በሌላኛው አገር ግን ያገባችው እሱን ነው።

አንድ ቀን ሳምባ፣ «እንዴ፣ እዚያ አገር ኛጋሌ የት ናት?» ብሎ ጠይቆት ነበር።

«ኒዮሮ ትሆናለቻ» አለ ዙማና፣ አሳብም አልገባው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለኛጋሌ ግን አይደለም። የዙማና ግቢ አጥር ከማንጎው የሚርቀው ትንሽ ነው፤ ኛጋሌ ከአጥሩ ወዲያ ማሽላ ስትወቅጥ ሁሉንም ትሰማለች። ሰምታም ዝም ትላለች። ዝም አይነቅዝም።

ሰኞ ዕለት ዙማና ትልቅ ዜና ነበረው። ከአራም የተወለደችው ኩምባ ልትዳር ነው። ማኅበሩን በሙሉ ጠራ፤ የባቡሩን ክፍል ከነመኝታው አደለ፤ ስለሚታረዱት በጎች ሳምባና ሞሪባ እስኪጣሉ ድረስ አወራ። ልክ በዚያው ሰዓት የእውነተኛዋን ልጁን፣ የመጨረሻዋን የሲታንን እጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ኮላቸውን በቅጠል ጠቅልለው እውነተኛው ቤቱ ደጃፍ ቆመው ነበር።

ኛጋሌ ከአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «የላሳና አባት! እንግዶች መጥተዋል!» ብላ በበኩር ልጃቸው ስም ጠራችው።

«ሠርግ ላይ ነኝ፣ ይጠብቁ!» አላት።

ሽማግሌዎቹ ሰሙ። ውሃ ጠጡ፣ ጠበቁ፣ ተያዩ፣ ኮላቸውን ይዘው ተነሡ። ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ ዓርብ እንመለሳለን አሉ።

ዙማና ማታ ሲገባ የኛጋሌ ዕቃ በጨርቅ ታስሮ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ኒዮሮ ልሄድ ነው። እዚያ ናት ብለህ የለ?»

«ኧረ በአላህ! ጨዋታ እኮ ነው ኛጋሌ!»

«ጨዋታህን ሠላሳ አምስት ዓመት ሰማሁልህ፣ ምን አልኩህ? ዛሬ ግን የሌለች ልጅ ስትድር ያለችዋን አዋረድክብኝ። ሲታን ገብታ ስታለቅስ ዋለች። እስከ ዓርብ ያቺን አገርህን ትዘጋለህ። ካልዘጋህ እኔ ወንድሞቼ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ልጅህን ብቻህን ዳር። እናቷ የት ናት ሲሉህም እንደለመድከው ንገራቸው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ዙማና ፈራ። ያለ እናቷ የምትዳር ልጅ በካይ ምን እንደምትባል ያውቃል፤ ኛጋሌ የሌለችበት ቤት ምን እንደሚመስል ግን አስቦት አያውቅም ነበር። አሁን አሰበው።

በነጋታው ማንጎው ሥር ቆሞ፣ «ፌዴሬሽኑ ዛሬ ፈርሷል» ብሎ ነገራቸው።

ሳምባ ሻዩን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እያንዶቆዶቀ፣ «አይሆንም» አለ። «ሚኒስትሮች አልተማከርንም።»

«እኔ ፈጠርኩት፣ እኔ አፈረስኩት!»

«ያኔም እንዲህ ብለው ነው ያፈረሱት» አለ ሳምባ። «እኔ ሥልጣን አለቅም። ከጡረታ ወዲህ ያገኘሁት ሥራ ይኼው ብቻ ነው።»

ዙማና በሞሪባ ላይ ተስፋ አድርጎ ዞረ። ሞሪባ ግን ሬዲዮኑን ሲነካካ ዋለ። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ፤ ዙማና ዜና አላነብም ቢል ሳምባ በሰኞው ዜና ላይ ተመሥርቶ የሙሽራዪቱን ጉዞ አነበበ። ዕቃው በሩ ላይ እንደታሰረ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሞሪባ የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ ወደ ዙማና ግቢ ገባ። አልተቀመጠም። ኛጋሌ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች።

«ዙማና ዲያራ» አለ ሞሪባ። «እኛ ትራኦሬዎች ድንበሩን ስንሻገር ጆፕ እንደምንባል ታውቃለህ።»

«ይኼንንማ ማን ያጣዋል? እኔም እዚያ ንጃይ ነኝ።»

«እንግዲያው የምነግርህ የአራም ወንድም ሆኜ ነው። ኮላህ መጣ፣ አባቶቻችን በሉ፣ ልጅቷን ግን አልሰጠንህም። ነውሩ የኛ ነው። አገር ቢፈርስም ኮላ መመለስ ነበረብን፣ ማንም አልመለሰም። አንተም በዚህ ምክንያት ይኸው እስከ ዛሬ እጮኛ ነህ። እጮኛ ደግሞ ቢያወራ አይፈረድበትም።» ከልብሱ ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ አወጣ። «ጆፖች ኮላህን መልሰውልሃል። ተቀበለን።»

ዙማና ሊስቅ አሰበ። የቀልድ ዘመድ ነው፤ መሳቅ ያባት ወግ ነው። ግን ሁለት እጁን ዘረጋ። ተቀበለ። ፍሬዎቹ ከቅጠሉ እርጥበት ቀዝቀዝ ብለዋል።

«እሷስ ምን አለች?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አደንጓሬ የሚበላ ሰው አላገባም አለች።»

መቆጣት ነውር ነው። ዙማና ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ቀጠለ። ባቡሩ ላይ ሲጭኑት አላለቀሰም ነበር፤ ባቡሩ ይመለሳል ብሎ ነበርና። ሞሪባ ቆቡን አውልቆ ቆመለት፣ ቆይቶም ሄደ።

ኛጋሌ ዕቃዋን ፈትታ አስገባች። ማታ የማሽላውን ገንፎ ከነመረቁ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችና፣ ከሴቶቹ ጋር ልትበላ እንደወትሮዋ በመሄድ ፈንታ ከሱው ማዶ ቁጭ አለች። ዙማና ዓይኑ አብጧል።

«ሞሪባ ይኼን ከራሱ አያመጣውም» አለ። «ማን መከረው?»

«እኔ።»

«አንቺስ ከየት አመጣሽው?»

«አባቴ ሲያደርገው አይቼ» አለችና እጇን ታጠበች። «ለኔም እኮ ኮላ መጥቶልኝ ነበር። ልጁ የጥሎሹን ሊሠራ ኦቾሎኒ እርሻ ብሎ ሴኔጋል ወረደ። መስመሩ ተቆረጠ፣ እዚያው ቀረ። አባቴ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀና ኮላውን ወስዶ ለናትየው መለሰ። እናትህ ስትመጣ እኔ የማንም አልነበርኩም።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አልነገርሽኝም!»

«ዜና አንባቢው አንተ ነህ።»

ዙማና ገንፎውን ቆርሶ መረቁ ውስጥ ነከረ፤ ወደ አፉ ግን አልወሰደውም።

«ስሙ ማን ነው?»

«ዴምባ።»

«ይኼኔ ሞቷል።»

«ኧረ ደኅና ነው» አለች ኛጋሌ፣ እየጎረሰች። «ዘንድሮ ኦቾሎኒው ጥሩ ይዞለታል። ጉልበቱን ግን ያመዋል፤ ተው እረፍ ብለው አይሰማኝም።»

ዙማና ገባው፤ እሷም ያልፈረሰ አገር አላት። ሠላሳ አምስት ዓመት ከአጥሩ ወዲያ ስትወቅጥ ይሰማ የነበረው ሙቀጫ ብቻ ነበር።

«ልጆችስ… ልጆችስ አሏችሁ?»

«አራት።»

እጁን ከገበታው ሰበሰበ። በስልሳ ዓመቱ፣ አይቶት በማያውቀው ገበሬ፣ ቅናት ያዘው፤ ዴምባ ደጃፉ ላይ ቢቆም ኖሮ ይደበድበው ነበር። ኛጋሌ ግን ዛሬ ጥሩ ርቧታል። የራሷን ጨረሰችና የእሱን ወደሷ ሳበች።