የቬስፓው ክዳን

ኦሊንቶ በየጠዋቱ ቬስፓ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ከጋራዡ ሲያወጣ ሚስቱ ኤርሲሊያ ከመስኮቱ አትለይም። መጀመሪያ የምታየው አንገቱን ነው፤ ሻርፑን አድርጓል ወይስ ረስቶታል? ቀጥሎ እግሩን፤ አንዳንድ ቀን በነጠላ ጫማ ይወጣልና። ሞተሩ ተንጣጥቶ ሲነሳና ሰማያዊው ጭስ አጥሩን ሲያልፍ ካፖርቱን በክንዷ አንጠልጥላ ቁልቁለቱን በእግሯ ትከተለዋለች። አትቸኩልም። ቬስፓው የት እንደሚቆም ታውቃለች።

የሚቆመው ከመንደሩ በታች፣ የወይራው ተክል አልቆ የማርያም ምስል ያለባት ትንሽ ጸሎት ቤት ከምትታይበት ጠመዝማዛ ላይ ነው። ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ይንተፋተፍና ጸጥ ይላል። እሷ ስትደርስ ኦሊንቶ በድንጋዩ አጥር ላይ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ፈታትቶ፣ ነዳጅ የምታልፍባትን ትንሿን ናስ ወደ ሰማይ አንስቶ በቀዳዳዋ ያያል። እፍ ይልባታል። መልሶ ያያል።

«ነዳጅ አይወርድለትም» ይላታል ቀና ሳይል።

«ብርድ ላይ ተቀምጠህ ነው? በል ይቺን ደርባት» ትለዋለች።

እሱ ሲፈታና ሲገጥም በነዳጅ መሙያው ክዳን ጎማ በኩል አየር ቀስ እያለ ሰርጎ ታንኩ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ፔዳሉን ሲረግጠው ይነሳል። የጠገነው ይመስለዋል። ደስ ብሎት፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ፣ እሷን ከኋላው አስቀምጦ ወደ ቤት ይመለሳል። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል።

ኦሊንቶ ዕድሜውን ሙሉ የዚህ አገር መካኒክ ነበር። ከሉካ ከተማ ድረስ ቬስፓቸውን ጭነው የሚመጡለት ሰዎች ነበሩ። ነዳጅ አልወርድ ብሏቸው ካርቡራቶሩን ፈትተው በኪሳቸው ይዘውለት የሚመጡትን ጎረምሶች እንዴት እንደሚያላግጥባቸው ኤርሲሊያ አትረሳም። አንተ ሞኝ፣ መጀመሪያ ክዳኑን አትከፍትም ነበር? ታንኩ በክዳኗ ቀዳዳ አየር ካልሳበ ነዳጁን አይለቅልህም፤ ይላቸው ነበር። አሁን ግን ያ ሰው ራሱ በየቀኑ ካርቡራቶር ይፈታል።

ቀዳዳዋን የደፈነችው እሷ ናት። ባለፈው መኸር ኦሊንቶ በማለዳ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ሲመሽ በማዶው ሸለቆ፣ ወንዙ ዳር፣ እስከ ጉልበቱ ርሶ አገኙት። ድሮ የሞተችውን የእናቱን ቤት እየጠየቀ ነበር። ልጃቸው ሩጄሮ የዚያኑ ቀን ቬስፓውን ልውሰደው አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ጋራዡ በተቆለፈባቸው ቀናት ኦሊንቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ፣ ሾርባውንም አልነካ። ኤርሲሊያ በሁለት በኩል ፈራች፤ ከሄደ ወንዙን፣ ከተቀመጠ ግድግዳውን።

ያኔ ትዝ ያላት ሳሙናው ነው። በሠርጋቸው ሰሞን ወደ ባሕር ሲወርዱ ታንኩ ተሰንጥቆ መንገድ ላይ ቀርተው ነበር። ኦሊንቶ ከሻንጣዋ የልብስ ሳሙና አስወጥቶ ስንጥቁ ላይ አሸበት። ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟውም ብሎ እየሳቀ፣ እሷንም እጇ ሳሙና እንደሆነ ጭኖ ቪያሬጆ አደረሳት። ከዚያ ሳሙና ዓይነት ቆርሳ በመርፌ ጫፍ የክዳኗን ቀዳዳ ደፈነቻት። እስከ ጸሎት ቤቷ ይድረስ፤ ከዚያ ወዲያ አይሂድብኝ ብላ።

በመጀመሪያው ቀን በአንድ ደቂቃ እንደሚያገኘው እርግጠኛ ነበረች። የምትመልሰውን ሁሉ አዘጋጅታ ጠበቀችው። አላገኘውም። ክዳኑን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ያን ምሽት ሳህን እያጠበች አለቀሰች፤ ሕመሙ እዚህ ድረስ መሆኑን አላወቀችም ነበርና።

ክረምቱ በዚህ አለፈ። ሩጄሮ ሲመጣ አባቱ ጨርቁ ላይ የበታተነውን ብረት አይቶ፣ በሹክሹክታ የተናገረ መሰለው እንጂ ጮክ ብሎ፣ «እማዬ፣ አባዬ እኮ ሊጠግነው አልቻለም። ምን ያደርግልሻል ይሄ? እሑድ መኪና ይዤ መጥቼ ልውሰደው» አላት።

ኦሊንቶ ሰምቷል። ዘይት የጠጣ እጁን ገለባብጦ አየ።

«ይውሰደው» አለ። «እጄ ሥራውን ረስቷል።»

ኤርሲሊያ ይህን አልቻለችም። ቢጠፋም ትፈልገዋለች፣ ቢወድቅም ታነሳዋለች፤ ግን በእጁ አፍሮ እንዲሞት በሷ ሳሙና? ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኦሊንቶ ጋደም ሲል መርፌዋን ይዛ ጋራዥ ገባች። መቀመጫውን አንስታ ክዳኑን ፈታችና መርፌውን ሰካች። አልገባም። ገፋችው፤ ታጠፈባት።

መነጽሯን አድርጋ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው። ሳሙናው የለም። በቦታው የምስር ፍሬ የምታክል የእርሳስ ጠብታ ተበይዳለች፤ ተሞርዳ፣ ተወልውላ፣ አውራ ጣት ቢያልፍባት እንኳ እስከማትታወቅ ድረስ ለስልሳ። እንዲህ የሚበይድ አንድ ሰው ብቻ ነው። መበየጃው መደርደሪያው ላይ፣ እንደ ልማዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጨርቁ ላይ የክረምቱ አቧራ ተኝቶበታል።

ኤርሲሊያ የነዳጅ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች። አግኝቶት ኖሯል። ሳሙናዋን አይቶ የማን እጅ እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነም አውቆ ኖሯል። ሳሙና ደርቆ እንደሚረግፍ እሷ አላሰበችም፤ እሱ አስቦታል። አእምሮው ከጠራለት ቀን በአንዱ ቁጭ ብሎ የገዛ መንገዱን በገዛ እጁ ዘጋ፤ አንዲት ቃል ሳይነግራት። በየጠዋቱ ሲወጣስ? ከጠመዝማዛው ላይ ካፖርቱን ይዛ እስክትደርስ ሲጠብቃት?

ስትገባ ነቅቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ኦሊንቶ፣ ክዳኑን አየሁት።»

«የቱን ክዳን?»

«የቬስፓውን።»

ሲቀልድ የከንፈሩ ጥግ እንዴት እንደምትከዳው ታውቃለች። ያቺን ጥግ ፈለገች። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ እንደ ሕፃን ዓይኑን ገልጦ ያያታል።

«ምን ሆነ? ላላ እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

«ነዳጅ አይወርድለትም እኮ» አለ እያሰበ። «ምን ይሆን ትያለሽ?»

ዘግይታለች። የምታመሰግነው ሰው ሄዷል። አጠገቡ ተቀምጣ የሸሚዙን ቁልፍ፣ አዛንፎ የቆለፈውን፣ ፈትታ እንደገና ቆለፈችለት።

«ካርቡራቶሩ ይሆናል» አለችው።

«እኔም እሱን ነው የጠረጠርኩት። ነገ እፈታዋለሁ።»

እሑድ ሩጄሮ ገመድና ጣውላ ጭኖ መጣ። ኦሊንቶ ዳቦውን ወተት ውስጥ እየነከረ ቁርሱን ይበላ ነበር። ኤርሲሊያ ልጇን ወደ ጋራዡ ወሰደችው፤ ቬስፓው ከዚህ አይወሰድም አለችው። እሱ መሟገት ሲጀምር አውራ ጣቱን ይዛ ክዳኑ ላይ አሳረፈችው። ሩጄሮ በዚያ ጋራዥ ያደገ ልጅ ነው። ጣቱን አንዴ፣ ሁለቴ አሻሸ።

«ማን ደፈነው?»

«እኔ ጀመርኩት፤ አባትህ ጨረሰው።»

ልጅየው ጣቱን ከክዳኑ ላይ አነሳ። ከዚያ ወጥቶ ገመዱን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ወረወረው።

ኦሊንቶ አፉን እየጠረገ መጣና፣ ሩጄሮን እንደ ደንበኛ በአክብሮት ሰላም ብሎት፣ ቬስፓውን ገፍቶ ወጣ። እናትና ልጅ አጥሩን ተደግፈው ድምፁን ተከተሉት። ወይራውን አለፈ። ተንተፋተፈ። ጸጥ አለ።

ኤርሲሊያ ካፖርቱን አነሳች። ሩጄሮ ከክንዷ ላይ ወሰደው።

«ዛሬ እኔ ልሂድ፣ እማዬ።»

«ሻርፑንም ያዝለት፣ ረስቶታል» አለች። ትንሽ እንደሄደ ደግሞ ጠራችው። «ምን ይሆን ብሎ ከጠየቀህ፣ ካርቡራቶሩ ነው በለው።»